የጣሊያንና የጀርመን መኪና በእንጦጦ ዳገት

«የጀርመን መኪና ይጠነክራል፣ የጣሊያን መኪና ያምራል» የሚለው ፍርድ በአዲስ አበባ ጋራዦችም ሲነገር የኖረ ነው። ፍርዱ የተሰጠው ግን በሌላ አገር መንገድና በሌላ አየር ነው። እኛ ዘንድ ጉዳዩን እንደገና ለማየት ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ በቁስቋም በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ይበቃል። ቅዳሜና እሁድ የቤተሰብ መኪና የሚተምበት ይህ ዳገት፣ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከመከፈቱ በፊትም የሞተር መፈተኛ ነበር።

ጫፉ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው መኪና ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ውሃም 100 ዲግሪ ሳይጠብቅ በ90 ገደማ ይፈላል።

እንግዲህ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና የኖረችውን ፊያት 600፣ ማለትም ሴይቼንቶን አስቧት። ዳንቴ ጃኮሳ የነደፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ የቀረበች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ መኪና ናት። የመጀመሪያዋ 633 ሲሲ ሞተር 22 የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም ነበር። እንጦጦ ላይ ከዚህ የሚተርፈው 15 ገደማ ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ በመሆኑ ተሳፋሪ ሞልታ በአንደኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ውሃው ይፈላል፤ ቸል ከተባለ ደግሞ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል።

የጀርመኗ ቮልስ ይህ ጣጣ የለባትም፤ ራዲያተርም ውሃም የላትም። ፈርዲናንድ ፖርሸ የነደፋት መኪና ሞተሯን የምታቀዘቅዘው በማራገቢያና በዘይት ነው። ጉልበቷም ከሴይቼንቶ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ቮልስ 30 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ልዩነቱ የሚፈላ ነገር አለመያዟ ላይ ነው። ደካማ ጎኗ ቺንጊያዋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ፣ መለዋወጫ ቺንጊያ ያልያዘ ሹፌር ደግሞ ዳገቱ ላይ ያድራል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የበሯን አገጣጠም ያደንቃል፤ መስኮቱን ገርበብ ሳያደርጉ በሩ አልገጥም እስኪል ድረስ ነው ጥብቀቱ።

እስከዚህ ድረስ ጀርመን የረታ ይመስላል። ነገር ግን የጣሊያን መኪና በአውሮፓ ስሙ የጠፋበትን ምክንያት እንመልከት፤ ዋናው ዝገት ነበር። ኔፕልስ አጠገብ የተሠራው አልፋሱድ በዝገት ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ላንቻ ቤታ የገዙ ሰዎች መኪናቸው ስለዛገ ኩባንያው መልሶ እስከ መግዛት ደረሰ። የእነዚያ አገሮች መንገድ ክረምት ላይ በጨው ይረጫል፣ ባሕሩም ቅርብ ነው። አዲስ አበባ በረዶ የሚያቀልጥ ጨው አይረጭባትም፣ ባሕሩም ሩቅ ነው። የጣሊያን መኪና ትልቁ ጠላት እዚህ የለም ማለት ነው። ላሜራው ከተረፈ የቀረው ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ካርቡሬተርና ፍሪሲዮን ነው፤ ይህን ደግሞ የሰፈር መካኒክ በአንድ ቁልፍና በአንድ ካቻቢቴ ይጨርሰዋል።

የጣሊያንን ጥንካሬ ማየት የሚፈልግ ግን ትንንሾቹን ትቶ የጭነት መኪናውን ይመልከት። እንጦጦን በምዕራብ በኩል ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው የጎጃም መንገድ የሚጠብቀው ዓባይ በረሃ ነው፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ከዚያ መልሶ ሽቅብ። ይህን ዓይነት መንገድ በትዕግስት የገፋው ፊያት 682፣ በተለይ ሹፌሮች ኤንትሬ የሚሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረውን 682 ጣሊያኖችም «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሉት ነበር። ከ10 ሊትር የሚበልጥ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው ያለው፤ አይቸኩልም፣ ግን አይደክምም። መሪው በቀኝ የሆነውም ያለ ነገር አይደለም፤ በአልፕስ ተራሮች የሚነዳ ሹፌር የገደሉን ጠርዝ በዓይኑ ማየት ስለነበረበት ነው። የእኛ ሹፌር ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መንዳት ሲጀምር ይኸው መሪ ለእኛም ገደል አገልግሏል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በኢትዮጵያ ምድር ከተነዱት የአውሮፓ መኪኖች ሁሉ ጥንካሬውን ያስመሰከረው ኤንትሬ እንጂ ቮልስ አይደለም።

ላዳም የዚሁ ታሪክ ዘመድ ናት። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው የ124ን ንድፍ ገዙ። ከዚያ ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በታምቡር ቀየሩት፤ ለውጡ ከ800 በላይ እንደነበር ይነገራል። ፋብሪካው የቆመባት ከተማ እንኳ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በቶሊያቲ ስም የተጠራች ናት። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የገባችው ላዳ ታክሲ ሆና ሴይቼንቶን ተካች። አጥንቷ ጣሊያናዊ ነው፤ የተገነባችው ግን ጣሊያን ላላወቀው መንገድ ነው።

ደግሞም ጣሊያንና ጀርመን በመኪና ሥራ ሰዎች እንደሚያስቡት የተለያዩ አይደሉም። ያን የዛገ አልፋሱድ የነደፈው መሐንዲስ ሩዶልፍ ሩስካ ኦስትሪያዊ ነው፤ ቀደም ሲል ከፖርሸ ጋር በቮልስ ሥራ ላይ ነበር። ቮልስን የተካውን የመጀመሪያውን ጎልፍ ደግሞ የነደፈው ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። አገራችን ውስጥ የአምቼ ፋብሪካ ሲገጣጥመው የኖረው ኢቬኮም እ.ኤ.አ. በ1975 ሲመሠረት ፊያትን ከጀርመኑ ማጊሩስ ጋር አጣምሮ ነው። «የጣሊያን ነው» ብለን የምናምነው መኪና ግማሽ ዘሩ ከማጊሩስ ከተማ ከኡልም ነው።

አሁን ዳገቱ ላይ ሌላ እንግዳ አለ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ፣ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ሞልታለች፤ ከእነዚህም የቮልስዋገን አይዲ ስድስት ጥቂት የማይባል ነው። ስስ አየር ለኤሌክትሪክ ሞተር ምንም አይደለም፤ ከሽሮ ሜዳ ያለውን ጉልበት እንጦጦ ላይም ይዞ ይደርሳል፣ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬኑም አይግልም። ቁልቁለት ላይ ከቮልስም ከኤንትሬም ይሻላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ አይዲ ስድስት የሚሠራው ቻይና ውስጥ ብቻ ነው፣ ቮልስዋገን ጀርመን ውስጥ አይሸጠውም። ሶፍትዌሩ ሲታመም የመርካቶ መካኒክ ካቻቢቴ አይደርስለትም፤ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ሰው ይፈለጋል፣ ያ ሰው ገና በሰፈሩ አልበዛም።