ቺንጋው ለምን ይጮኻል? ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በአሮጌ መኪና የተገኘ ትምህርት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቀጭን የጎማ ቀበቶ ነው። መካኒኮቻችን ቃሉን ከጣልያንኛ ወስደው ቺንጋ ይሉታል። ሥራው የሞተሩን ዙር ወደ አልተርኔተሩ፣ በጋራዥ አነጋገር ወደ ዲናሞው፣ ማድረስ ነው። ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም፣ ሲበላሽ ትልቁን ሞተር ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

ከዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለመስክ ሥራ እንዘዋወር ነበር። መኪናችን ዕድሜው የገፋ፣ በናፍጣ የሚሠራ ሲሆን፣ ከኋላው አልጋ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ መብራትና ተጨማሪ ባትሪ ስለ ተገጠመለት ቤታችንም ነበር። ፍኖተ ሰላም ባደርንበት ማግሥት ጧት ሞተሩ ሲነሣ ቺንጋው ይጮኽ ጀመር። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሹፌራችን ኮፈኑን ከፍተው አጠበቁት፤ ጩኸቱም ቆመ። በሚቀጥለው ጧት ተመለሰ፤ እንደገና አጠበቁት። በሦስተኛው ቀን፣ የ“ፍቅር እስከ መቃብር” አንባቢዎች በስም የሚያውቋትን ማንኩሳን አልፈን ወደ ቡሬ ስንጓዝ፣ የባትሪው ቀይ መብራት በራ። ሞተሩ ግን ያለ አንዳች ለውጥ ይሠራ ነበር።

“ጋሼ፣ ሞተሩ ደኅና ነው፤ ቡሬም ሩቅ አይደለም፤ እንቀጥል” አልኋቸው።

“አይ ልጄ” አሉ ዳር ይዘው እያቆሙ፤ “የውኃውን ፓምፕ የሚያዞረውም ይኸው ቺንጋ ነው። እንቀጥል ካልን ሞተሩን እናቃጥላለን።”

ኮፈኑ ሲከፈት ቺንጋው ተበጥሶ ተገኘ። የእኔ ስሕተት ብዙዎች የሚጋሩት ነው። የአሮጌ ናፍጣ ሞተር ከተነሣ በኋላ ያለ ባትሪ እርዳታ ሊሠራ ስለሚችል ቀዩ መብራት የኤሌክትሪክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ግን ዲናሞውና የውኃው ፓምፕ በአንድ ቺንጋ ይዞራሉ። ስለዚህ ቀዩ መብራት ሲበራ የመጀመሪያው ተግባር ቆሞ ማየት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ቺንጋው ለምን በጧት ይጮኽ ነበር? ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲመጠው ያድራል፤ ዲናሞው ጧት ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ይገደዳል። 14 ቮልት በ30 አምፔር ሲባዛ 420 ዋት ነው። የዲናሞው ብቃት 60 በመቶ ነው ብንል፣ ቺንጋው 700 ዋት ማድረስ አለበት። ሞተሩ ሳይፋጠን ሲዞር ቺንጋው በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ቢጓዝ፣ የሚፈለገው የመጎተት ኃይል 117 ኒውተን ያህል ይሆናል። በመንገድ ላይ ፍጥነቱ ወደ 20 ሜትር ሲያድግ ግን ለዚያው 700 ዋት 35 ኒውተን ይበቃል። ቺንጋው የሚፈተነው ሞተሩ በዝግታ ሲዞርና ባትሪው ሲራብ ነው። ጩኸቱ የመንሸራተት ድምፅ ነው።

ታዲያ ማጥበቁ ለምን አልፈወሰውም? የገጠሩን ወፍጮ ቤት አስቡ። የወፍጮው ሰፊ ጠፍጣፋ ቺንጋ የሚይዘው በሆዱ ነው። የአሮጌ መኪና ቺንጋ ግን እንደ ሽብልቅ ጠበብ ብሎ የተሠራ ስለሆነ የሚይዘው በሁለት ጎኖቹ ነው። የፑሌጃው ቦይ ጎኖች በመካከላቸው 38 ዲግሪ ገደማ ሲኖራቸው፣ በዚሁ ሽብልቅነት ምክንያት የመያዝ አቅሙ ከጠፍጣፋው ሦስት እጥፍ ያህል ያድጋል። ቦዩ በአቧራና በዕድሜ ሲበላ ቺንጋው ወርዶ ወለሉን ይነካል፤ ጎኖቹ ይላላሉ፤ ሦስት እጥፉም ይጠፋል። በእኛ መኪና የዲናሞው ፑሌጃ ወለል እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሁለት ጊዜ ማጥበቃችን መንሸራተቱን አላስቀረም፤ ሸክሙን ግን ወደ ዲናሞው ኩሽኔታ አዞረው። ፑሌጃውን በእጅ ስናዞረው ኩሽኔታው ይንኮሻኮሽ ነበር።

ጋሼ በመጠባበቂያነት የያዙትን ቺንጋ በልኩ ገጠሙ። ማቀዝቀዣውንና መብራቶቹን አጠፋን፤ የዲናሞው ሸክም ስለ ቀነሰ አዲሱ ቺንጋ ሳይንሸራተት ቀስ ብለን ቡሬ ደረስን። እዚያም ፑሌጃውና ኩሽኔታው ተለወጡ።

ከዚህ በመነሣት የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ንቀሉ፤ ጋቢና ነጠላ ወደ ቺንጋው አይቅረብ፤ የሚዞር ቺንጋ ጨርቅንም ጣትንም አይምርም። ሁለተኛ፣ ከማጥበቃችሁ በፊት የቦዩን ወለል ተመልከቱ፤ የሚያበራ ከሆነ ቺንጋው ወይም ፑሌጃው አልቋል። ሦስተኛ፣ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር መቆማቸውን አረጋግጡ፤ ቺንጋውን አውልቃችሁም እያንዳንዱን በእጅ አዙሩ። አራተኛ፣ በረጅሙ ክፍል መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። አዲስ ቺንጋ ጥቂት ከሠራ በኋላ ስለሚረግብ እንደገና ይታይ። በመጨረሻም በቮልት መለኪያ አረጋግጡ፤ ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ 13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። ቺንጋው በልኩ ጠብቆ ቮልቱ ካልጨመረ፣ ጥፋቱ ከቺንጋው ሳይሆን ከዲናሞው ወይም ከሽቦው ነው።

ጩኸቱን በሳሙና የሚያባብሉ አሉ። ድምፁ ለጊዜው ይጠፋል፤ መንሸራተቱ ግን ይብሳል። እኛም ሁለት ጊዜ ያጠበቅነው ድምፁ እንዲጠፋልን እንጂ ምክንያቱን ለማወቅ አልነበረም። በቤተ ሙከራም ቢሆን የማይመቸንን ምልክት ዝም ማሰኘት መፍትሔ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በመንገድ ዳር፣ ቀመሩን ሳይጽፉ ምክንያቱን ከሚያውቁ ሹፌር ነው።