ባጃጅ ወይስ ቶርኖ? የእናት ዕቁብ ቀልድ አይደለም!

የዛሬው ጥያቄ ከወደ ጀልዴሳ ነው። ጠያቂው የ23 ዓመት ወጣት ነው። እናቱ ዕቁብ ደርሷቸው «ብሩን ውሰድና ሰው ሁንበት» ብለውታል። ዘመድ አዝማዱ «ባጃጅ ግዛ!» ይላል። የእሱ ልብ የሸፈተው ግን ወደ ሌላ ነው፦ የእንጨት ሳህንና አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ማስቀመጫ መሥሪያ ቶርኖ። ድሬዳዋ ያገኘው ሻጭ ደግሞ «ሁለት ሜትር የሚረዝም አለኝ፣ ሳይቀድሙህ ቀብድ አስይዝ» እያለ ያጣድፈዋል።

ወንድሜ፣ ቀብዱን እንዳትሰጥ! እኔ ቶርኖ ላይ ቆሜ ዓመታት አልፈውኛል። ሁለት ሜትሩ ለአልጋና ለወንበር እግር ነው። ሳህን ቁመት አይፈልግም፣ ስፋት ነው የሚፈልገው። ሜትር ይዘህ ሂድና ከሚሽከረከረው ዘንግ መሐል እስከ ታችኛው ሐዲድ ለካ። 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ20 ሳንቲ ሜትር የሰፋ ሳህን አይወጣልህም። አለቀ!

«ታዲያ ትልቁን ልግዛ?» ትል ይሆናል። መጀመሪያ እንጨትህን እይ። በድሬዳዋና በአፋር ቆላ እንደ ወረርሽኝ የተዛመተው ፕሮሶፒስ ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅም ብዙ አይኮማተርም፤ ለሳህን ግሩም ነው። ግንዱ ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ለእሱ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃሃል። ዋንዛ ከደጋ ማስመጣት ካሰብክ ያን ጊዜ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። 30 ሳንቲ ሜትር ሳህን በደቂቃ 1500 ዙር ቢሽከረከር ጠርዙ በሰዓት ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይበራል። እንጨቱ ቢፈነጠር አስበው! ለዚያ ስፋት ከ500 እስከ 750 ዙር በቂ ነው፤ ያልተስተካከለ ጉማጅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቺንጋውን በየፑሌጃው እያዛወረ ሻጩ ዝቅተኛውን ፍጥነት ያሳይህ።

ማስቀመጫው ከሳህን ይብሳል። ሆዱን ስትቦረቡር ብረቱ ከመደገፊያው አልፎ ብዙ ይገባል፣ እጅህን ይመታል። ማሽኑ ቀላል ከሆነ አብሮህ ይጨፍራል። ክብደት ያለው፣ ኩሽኔታው ያልላላ ምረጥ። ዘንጉን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፤ ከተንገጫገጨ «አመሰግናለሁ» ብለህ ውጣ። ሐዲዱ አጭር ቢሆን ደግሞ ከፊት ለፊት ቆመህ ለመቦርቦር ይመችሃል።

መብራቱንም አትርሳ። ስሪ ፌዝ የሚጠይቅ ሞተር ገዝተህ ቤትህ ያለው ሲንግል ፌዝ ከሆነ የእናትህ ብር ጥግ ይዞ ዝጎ ይቀራል። በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ቢያንስ የ1 ፈረስ ጉልበት ሞተር ፈልግ።

ብሩን ሁሉ ማሽኑ ላይ አትጨርስ። ማንድሪኖ፣ ጥሩ መቦርቦሪያ ብረት፣ መሳያ ድንጋይ፣ የፊት መከለያና የአቧራ ጭንብል ያስፈልጉሃል። ሽርጥ ታጥቀህ፣ ጓንት አጥልቀህ ወይም እጅጌህን ለቀህ ቶርኖ አጠገብ እንዳትደርስ! ከያዘ አይለቅም።

ጀልዴሳ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመግባቱ በፊት በዘይላና በሐረር መካከል ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ኬላ ነበረች። ዛሬ ግን ገዢህ ያለው ድሬዳዋና ሐረር ነው። ስለዚህ ከግዢው በፊት ቶርኖ ካለው እንጨት ቤት ለጥቂት ቀናት ኪራይ ከፍለህ አምስት ሳህን ሥራና ገበያ አውጣቸው። ከተሸጡ ዘመዶችህን ዝም ታሰኛለህ። ካልተሸጡ ባጃጁ የትም አይሄድም። እናትህ ዕቁቡ ቢደርሳቸውም መዋጮውን ገና እየከፈሉ ነው፤ እሳቸው ከፍለው ሳይጨርሱ ማሽኑ ጥግ ይዞ እንዳይቀመጥ!