ደካማ አገር ዲፕሎማሲ የለውም?

ቻይናዎች «ደካማ አገር ዲፕሎማሲ የለውም» ይላሉ። በቁስላቸው የተማሩት ነው። በ1919 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቬርሳይ ጉባኤ ከድል አድራጊዎቹ ጋር ተሰልፈው ሳለ፣ ጀርመን በሻንዶንግ የነበራት መብት ለጃፓን ተሰጠባቸው።

ቁስሉን እኛም እናውቀዋለን። አፄ ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ቢያስታውቁ፣ በ1890 ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ «በጣልያን በኩል ይላኩ» የሚል ነበር። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ጣጣ መሆኑ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የሸዋ፣ የትግሬ፣ የጎጃም፣ የወሎና የሐረር ጦር አድዋ ላይ አብሮ ቆመ። በዚያው ዓመት ጣልያን በአዲስ አበባ ውል ነፃነታችንን ተቀበለች። በ1897 የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች ምኒልክ ደጅ ድረስ መጥተው ተዋዋሉ።

በ1936 ግን አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ አቤት ሲሉ እውነት ይዘው ነበር፤ ጉልበት ግን አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ የመንግሥታት ማኅበር በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ወሰነ። ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ራሷ ቻይና ነበረች።

ታዲያ ጉልበት ማለት ጠመንጃ ብቻ ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። በ1963 ኢትዮጵያ ድሃ ነበረች። ሆኖም የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው የተከፈሉትን አፍሪካውያን አዲስ አበባ ላይ ሰብስባ አስማማች፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ያን ጊዜ ጉልበቷ መታመኗ ነበር።

እዚሁ ፌርፋክስ ጎዳና ላይም ያየነው አለ። በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ሰፈሩን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሲሰይም ጦር አላዘመትንም። ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍቶ ግብር የሚከፍል ወገን አብሮ ስለጠየቀ ተሰማ።

ወደ ዋሽንግተን ስንጽፍ ግን ይህን እንረሳለን። ጠዋት የአንዱ ቡድን አቤቱታ ይሄዳል፤ ከሰዓት የሌላው ማፍረሻ ይከተላል። ሁለቱንም ያነበበ ሹም ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ቢከት ይፈረድበታል? እናም ወገኖቼ፣ ቀጣዩን ፊርማ ከማሰባሰባችን በፊት በአንድ ገበታ ዙሪያ እንቀመጥ። ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ጉዳይ እንፈልግ፤ ደብዳቤው በእሱ ይጀምር።