የቤዝመንት ውሃ ከጣሪያ ይጀምራል

በሜሪላንድና በቨርጂንያ የእኛ ሰው ቤት ሲገዛ ዓይኑ ቤዝመንቱ ላይ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ልደቱም ማኅበሩም የሚደገሰው እዚያ ነው፤ ሲከራይ ደግሞ የባንኩን ዕዳ ያግዛል። ስለዚህ ከአንድ የሐምሌ ዶፍ በኋላ ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ ሲገኝ ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ ምክሩም ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዳንዱ ምክር ገንዘብ አስወጥቶ ውሃውን ባለበት ይተወዋል፤ አንዳንዱም ለሕይወት ያሰጋል።

«ውሃ የማያስገባ ቀለም ከውስጥ ይቀባና ይቆማል።»

ለጊዜው ይደብቀዋል። ውሃው ከውጭ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ቀለሙ ደግሞ ግድግዳውን የያዘው በውስጥ ፊቱ ብቻ ነው። ከጀርባ ያለው አፈር ጠግቦ ውሃው አንድ ሜትር ከፍታ ካቆረ፣ ግርጌው ላይ በካሬ ሜትር 1 ቶን ያህል ጫና ያርፋል። ግድግዳው እርጥብ ከሆነ ወይም ጨው ካወጣ ቀለሙ አጥብቆ አይይዝም፤ ያብጣል፣ ይላጣል። ብሎኬቱ ላይ የሚታየውን ነጭ ዱቄት ብዙ ሰው ሻጋታ ነው ብሎ በበረኪና ያጥበዋል። ሻጋታ አይደለም። ውሃው ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያመጣው ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። ያ ዱቄት ባለበት ሁሉ ውሃ እያለፈ ነው ማለት ነው። ቀለም የሚረዳው ንጹሕ ግድግዳ ላይ፣ ለቀላል ወዝ ብቻ ነው።

«ውሃው ከመሬት የሚፈልቅ ነው፤ ከመቆፈር በቀር መላ የለውም።»

በእርግጥ ከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተቀመጠ ቤት አለ። ውሃ የሚገባው ከዝናብ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጣሪያው ነው። ሒሳቡን ይመልከቱት፦ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,500 ሊትር ውሃ ይሆናል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ፣ ወይም መውረጃው ከግድግዳው ሥር ካበቃ፣ ይህ ሁሉ የሚፈሰው መሠረቱ ላይ ነው። ቤቱ ሲሠራ በመሠረቱ ዙሪያ ተቆፍሮ የተመለሰው አፈር ደግሞ እንደ ነባሩ መሬት ጥብቅ አይደለም። በዓመታት ውስጥ እየሰጠመ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል፤ ውሃውም ተከትሎት ይወርዳል።

ስለዚህ አስቀድመው አሸንዳውን ይጥረጉ። የመውረጃውን ጫፍ በቱቦ ቀጥለው ቢያንስ 2 ሜትር ከቤቱ ያርቁት። ከዚያም ሸክላነት ያለው አፈር አምጥተው በግድግዳው ዙሪያ ይጠቅጥቁ፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ተዳፋት ያውጡለት። አሸዋ ቢደፉበት ውሃው ሰርጎ ያልፋልና ድካሙ ከንቱ ነው። አፈሩ የቤቱን እንጨት እንዳይነካም ይጠንቀቁ፤ ምስጥ ይጋብዛል። እነዚህን ሳይሞክሩ ለትልቅ ሥራ ውል መፈረም ገንዘብ መበተን ነው እላለሁ።

ፍሬንች ድሬን የሚባለው ጠጠር የተሞላ ቦይ የሚታሰበው ይህ አልበቃ ሲል ነው። ስሙም ከፈረንሳይ አልመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ እርሻ መሬት ውሃ ማንጣፈፍ መጽሐፍ ካሳተመው ከአሜሪካዊው ሄንሪ ፍሬንች ነው። እስከ መሠረቱ የሚወርደውን ጥልቅ ቁፋሮ ግን ለባለሙያ ይተዉት። ያልተደገፈ ጉድጓድ ሲናድ ሰው ይቀብራል።

«መስኮቱ ተከፍቶ ይናፈስ።»

አዲስ አበባ በጥቅምት ፀሐይ ይህ ትክክል ነው። በዋሽንግተን የሐምሌ ወበቅ ግን የሚገባው አየር ራሱ እርጥበት ተሸክሟል፤ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግድግዳውን ያልበዋል። ላብ ይሁን ፍሳሽ ለመለየት፣ ግድግዳውን አድርቀው አንድ ቁራጭ ፎይል ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉበትና ከሁለት ቀን በኋላ ይዩት። በክፍሉ በኩል ከረጠበ ከአየሩ ነው፤ መስኮቱን ዘግተው የአየሩን እርጥበት በዲሂዩሚዲፋየር ከ50 በመቶ በታች ያውርዱ። ከጀርባው ከረጠበ ውሃው በግድግዳው ውስጥ እያለፈ ነው።

«ስንጥቁ በሲሚንቶ ይለሰን።»

ላይ ላዩን የተለሰነ ይፈነቀላል። ስንጥቁን በመሮ፣ ውስጡ ከአፉ እንዲሰፋ አድርገው ጠርበው በሃይድሮሊክ ሲሚንቶ ይድፈኑት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራልና በጥቂት በጥቂቱ ያቡኩት። አግድም የተሰነጠቀና ወደ ውስጥ የጎበጠ ግድግዳ ካዩ ግን የሚጠሩት መሐንዲስ ነው።

«ቤዝመንቱ ሲጥለቀለቅ በትልቅ ፓምፕ ቶሎ መምጠጥ ነው።»

ይህኛው እጅግ አደገኛ ነው። ውጭ ያለው አፈር ውሃ እንደጠገበ ውስጡ በአንዴ ከተራቆተ፣ የውጩን ግፊት የሚመክት ነገር ስለማይኖር ግድግዳው ሊደረመስ ይችላል። ውጭ ያለው ጎርፍ ከጎደለ በኋላ በቀን አንድ ሦስተኛውን ያህል እያደረጉ ማውጣት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ። ብሬከሩ ያለው እዚያው ውሃ ውስጥ ከሆነ ወደ መብራት ኃይሉ ድርጅት ይደውሉ፤ መጥተው እስኪያቋርጡት ድረስ እርስዎም ልጆችዎም ደረጃውን አይውረዱ።