የዋጃ ጓዳ ለእንግዳ የማይነግረው

ከቆቦ ተነስቶ ወደ አላማጣ የሚያልፍ መንገደኛ ዋጃ ላይ ቀትር ከደረሰበት ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ዘመድ ካለው ቤት ይገባል። መጀመሪያ ከእንስራ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ይሰጠዋል። ቀጥሎ የማሽላ እንጀራ ይቀርባል፤ ሲጠቀልሉት የማይሰበር፣ ዓይኑ የበዛ። ከዚያም የወይራ ጭስ ጭስ የሚል እርጎ። እንግዳው "እጅሽ ይባረክ" ይላል፤ የቤቷ እመቤት "አሜን፣ ብሉልን እንጂ" ትልና ዝም ትላለች። ያ ሁሉ እንዴት እንደተሠራ አትናገርም። ባልትና በእኛ አገር ይታያል፣ ይቀመሳል እንጂ አይተረክም። እኔ ግን እዚያ ጓዳ ውስጥ ያደግኩ ነኝና ጠጋ በሉ፣ ሹክ ልበላችሁ።

ዋጃ ያለችበት የራያ ቆላ ቤት የሚመራው በሰዓት ነው። ደጋ ላይ የደረሰ ሊጥ አንድ ቀን ቢያድር ምንም አይሆንም፤ ወተት ከጠዋት እስከ ማታ ይቆያል፤ ቅቤም እንደ ረጋ ይሰነብታል። ዋጃ ላይ ሙቀቱ አይታገስም። የዘገየ ሊጥ ይኮመጥጣል፣ ያልታጠነ ወተት ይበላሻል፣ የተረሳ ቅቤ ይቀልጣል። ስለዚህ የባለሙያዋ ሥራ በአብዛኛው የሚያልቀው ፀሐይ የዞብልን ተራራ ከመውጣቷ በፊት ነው። እንግዳው የሚያያት ቡና ቆልታ ስታጤስ ነው፤ ሌሊት የነበረችበትን አያይም።

ከእንጀራው ልጀምር። የማሽላ እንጀራ ጠላቱ ነገ ነው። ዛሬ ከምጣድ ሲወጣ ከጤፍ አይተናነስም፤ ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ይፈረካከሳል። የማሽላ ስታርች ከቀዘቀዘ በኋላ ቶሎ ይጠነክራል፣ ምክንያቱ እሱ ነው። የቆላ ሴቶች ይህን በስሙ ባያውቁትም መላውን ያውቁታል። መጀመሪያ ዘሩ ይመረጣል፤ ነጩ ለእንጀራ፣ ቀዩ ለጠላ። ቀዩ ማሽላ መራራነት ያለው ታኒን ስላለበት ወፍም ብዙ አይደፍረውም፤ ለብቅል ግን የሚያህለው የለም። ቀጥሎ ነጩ ማሽላ ውሃ ይረጭበትና በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ ይወጣል፤ ወፍጮ ቤት የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ዛሬ ብዙ ቤት ይህን ሥራ ትቶ እንዳለ ያስፈጫል። ልዩነቱን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ምላስ ላይ የሚሻክር እንጀራ ካገኛችሁ ማሽላው አልተሸከሸከም።

ትልቁ ሥራ አብሲቱ ላይ ነው። ከቦካው ሊጥ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀነስና በፈላ ውሃ እየተማሰለ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ይበስላል። ከዚያ ጣት እስኪችለው ይቀዘቅዝና ወደ ሊጡ ይመለሳል። ቸኩላ ትኩሱን የምትደፋ እርሾውን ትገድለዋለች፤ እንጀራዋ ዓይን አያወጣም። የበሰለው አብሲት ውሃ ይይዛል፤ በማግስቱ እንጀራውን ከመሰባበር የሚያድነው እሱ ነው። በዚህ ላይ ማንም በአደባባይ የማይናገረው አንድ ነገር አለ። እንግዳ "ንጹሕ ማሽላ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ "አዎ" የምትለው እመቤት፣ ዱቄቱ ውስጥ ሩብ ያህል ጤፍ መጨመሯን ለልጇ ካልሆነ ለማንም አትነግርም። አያሳፍርም፤ ብልኀት ነው። ጤፉ እንጀራውን ያያይዘዋል፣ ያለሰልሰዋልም።

ደጋ ላይ ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ እኛ ዘንድ በአንድ ቀን ተኩል ይደርሳል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከዚያም ያጥራል። ስለዚህ ዋጃ ላይ ቀን ተቆጥሮ አይጋገርም፤ አፍንጫ ነው የሚያዘው። ሊጥ የሚቦካው ሲመሽ ነው እንጂ በቀትር አይደለም። ከላይ ያቀረረው ቢጫ ውሃ በየማታው ተቀድቶ በንጹሕ ውሃ ይተካል፤ ይህን ያላደረገች ሆምጣጤ ትጋግራለች። ከምጣድ የወጣው እንጀራ ደግሞ በሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ደራርባ መሶብ ከከደነችበት እንፋሎቱ ውስጥ ይቀርና ሻጋታው በሦስተኛው ቀን ብቅ ይላል። ያልተበላውን ቀድሞ ለድርቆሽ ማስጣት ይሻላል፤ የዋጃ ፀሐይ በአንድ ቀን ጨርሶ ያደርቀዋል። የሻገተውን ጫፍ ቆርጦ ቀሪውን መብላት ግን ይቅር፤ የሻጋታ ሥር ዓይን ከሚያየው አልፎ ይገባል።

ስለ ዘር ካነሳሁ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ጓዳና ማሳ እዚህ ላይ ስለሚገናኙ። ገበሬው ዘር የሚመርጥ ይመስላል፤ በብዙ ቤት የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ምጣዱ ነው። ደገሌትና ጅጉርቲ የሚባሉት የማሽላ ዘሮች ለዘመናት የቆዩት እንጀራቸው ስለሚያምር፣ አገዳቸውም ረጅም ስለሆነ ነው። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለአጥር፣ ለዳስ፣ ለምድጃ ይሆናል። አጥሮ የሚደርስ የተሻሻለ ዘር ሲመጣ ባሎች ስለ ምርቱ ይነጋገራሉ፤ ሴቶች "በምን ልጋግር?" ይላሉ። አገዳ ያነሰው ማሽላ ማገዶም ያሳጣልና። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለእኛ ቆላ የሚሆኑ ዘሮችን አውጥቷል፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አቀንጭራ የራያን ማሽላ ምን እንዳደረገ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ዋጋ አይስትም። እንዲያም ሆኖ ማንኛውም አዲስ ዘር ወደ ማሳ ከመውረዱ በፊት ሁለት ቀን ጓዳ ውስጥ ቢያድር፣ ተጋግሮ በማግስቱ ቢጠቀለል፣ ብዙ ድካም ይተርፋል እላለሁ።

ደግሞ ወተት በጉንጬ አለ። ይህ ማሽላ ፍሬው ሲደርቅ ጭምድድ ይላል፤ ምርቱም ብዙ አይደለም። ስለዚህ እናቶች በማሳው መሐል እዚህም እዚያም ጥቂት ዘለላ ያስዘሩ ነበር፤ በእሸቱ ተጠብሶ ለልጆች እንዲሰጥ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ማሽላዎች መካከል ላይሲን በብዛት የያዙ ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አሳተሙ፤ ሁለቱም የወሎ ነበሩ። ላይሲን ለልጅ እድገት የግድ የሚያስፈልግ፣ በተራ ማሽላ ውስጥ ግን የሚጎድል የፕሮቲን ክፍል ነው። እነዚያን ለልጅ እሸት የሚሆኑ ዘለላዎች ከሌላው ለይተው ያቆዩት የእኛ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ማሳው በጤፍና ቶሎ በሚደርስ ዘር እየተያዘ ነው፤ ወተት በጉንጬ ያላችሁ ዘሩን አታጥፉት።

ወደ ወተቱ እንመለስ። ቅሉ ወይም ጮጮው በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያ የጋመ የወይራ ስንጣሪ ይገባበትና አፉ ይዘጋል። ጭሱ ዕቃው ውስጥ የገቡ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ያዳክማል፤ ወተቱም ለመበላሸት ይዘገያል። ሽታው ለምግብ ፍላጎት ነው የሚል አለ፤ እውነት ነው፣ ዋናው ጥቅሙ ግን ማቆየቱ ነው። ያልደረቀ ዕቃ ማጠን ከንቱ ድካም ነው። ጥቂት የማይባሉ ቤቶች አሁን እርጎ በፕላስቲክ ጀሪካን ያረጋሉ፤ ፕላስቲክ አይታጠንም፣ ጭረቱ ውስጥ የተደበቀውም በመታጠብ አይወጣም። እርጎው ለምን ቶሎ እንደሚበላሽ ለሚጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው።

ቅቤ የሚናጠው ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ ነው። ቀን ከተናጠ ስቡ ቀልጦ ከአሬራው ጋር ይቀራል፣ ቅቤው አይሰበሰብም። ጎረቤት "ላሟ ነጥፋለች" የሚለው አንዳንዴ የተናጠበት ሰዓት ጥፋት ነው። የወጣው ቅቤ ቶሎ ካልተነጠረ በእኛ ሙቀት ይሸታል፤ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት አረፋው እስኪጠፋ ይንተክተክ፤ ውሃው ያልወጣለት ቅቤ አይቆይም። ለፀጉር የሚሆነው ግን ሳይነጠር ይቀመጣል፤ ያለ እሱ ራያ የለም።

ቀዝቃዛው ውሃ ከየት መጣ? ከሸክላው ላብ። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች እየወጣ ይተናል፤ ሲተንም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እንስራው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ስር በድንጋይ ወይም በማቶት ላይ ይቀመጣል እንጂ ጥግ ውስጥ አይደበቅም። በቅባት እጅ አይያዝም፤ ቀዳዳው ይደፈናልና። ማላቡን ካቆመ በአሸዋ ከውጭ ይታሸት። ነገር ግን የቀዘቀዘ ውሃ ሁሉ የጠራ አይደለም። ጣሳው ከነጣቱ ሲገባበት የሚውል እንስራ የልጅ ተቅማጥ ያመጣል። አፉ ጠባብ የሆነውን ምረጡ፣ ክደኑት፣ ማንቆርቆር ከቻላችሁ አትጥለቁ፤ የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃ ከሆነ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት።

ስለ ጤና ካነሳሁ፣ መድኃኒት በተነከረው የወባ አጎበር ላይ ያየሁትንም ልናገር። አዲስ የመጣ አጎበር በጥላ ስር አንድ ቀን ይናፈሳል፤ ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙና ሳይፈተግ ታጥቦ አሁንም በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐዩ መድኃኒቱን ያጠፋዋልና። እኛ ሁሉን ነገር ፀሐይ ላይ ማስጣት ስለለመድን ይህን በጣም እንስታለን። ወባው የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ወንዶቹ ማሽላውን ከወፍና ከሌባ ሊጠብቁ ማማ ላይ ያድራሉ፤ አጎበሩ ግን ቤት ተሰቅሎ ይቀራል። እናቶች ሆይ፣ ከስንቁ ጋር አጎበሩንም ላኩላቸው።

ጎተራውን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ከሁሉ ስለሚከብድ ነው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ የራያን ቆላ ማሽላና ጤፍ ሲበላ፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት ሲከተል፣ ቁና እህል ምን ማለት እንደሆነ ያልተማረ ቤት የለም። እህል የሚከተተው በጥርስ ሲሰበር ቅርት ሲል ነው፤ ለስልሶ የሚታኘክ ከሆነ ገና ነው። ጎታው በድንጋይ ላይ ከፍ ይላል፤ እርጥበት ከመሬት ይወጣልና። እናቶቻችን ማሽላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ይከቱ ነበር። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ነቀዙ መንቀሳቀሻና አየር ያጣል፤ ጤፉን ራሱን ደግሞ ነቀዝ አይበላውም። ሲፈለግ በወንፊት ይለያያል። አዲሱ ሦስት ድርብ አየር የማያስገባ ከረጢትም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይታፈናል፣ መድኃኒት አይጨመርበትም። ከረጢቱን አይጥ ካልበሳው ለዓመታት ያገለግላል። እኔ ገንዘቤን የማወጣው ለእሱ ነው።

የነቀዝ ኪኒን የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ሰውንም ይገድላል፣ ማርከሻ የለውም። በእኛ ቤቶች እህሉ የሚቀመጠው ልጆች በሚተኙበት ክፍል ነው፤ ሌሊት ለሌባ ተብሎ በርና መስኮት ይዘጋል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ "ምች ነው" ይባላል። ኪኒን የተደረገበት እህል ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አውጡት፤ ማውጣት ካልተቻለ እናንተ ሌላ ቦታ እደሩ፤ ምልክቱ የታየበትንም ሰው ወደ ደጅ አውጥታችሁ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ አድርሱት።