አሮጌ ኮምፒውተር ከደብረ ዘይት አሶሳ ማብረር ይችላል?

ቤታችሁ ጥግ ላይ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ላብ ውስጥ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር አለ እንበል። ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋባይት ራም፣ ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ የሌለው። «ይሄ ከወርድ በቀር ለምንም አይሆንም» ተብሎ ተፈርዶበታል። በዚህ ማሽን ከደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ሐረር ሜዳ ተነስታችሁ አሶሳ ማረፍ ትችላላችሁ ወይ? በአየር መስመር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በትንሿ ሴስና 172 ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። መልሱ ይቻላል ነው፤ ግን ማሽኑ የት ላይ እንደሚደክም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዲሞ እንጀምር። ዲሞ ማለት የጌሙ ቅምሻ ነው፤ ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ቆርሰው ያቀምሷችኋል። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ለፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ የለቀቀው ዲሞ የሚያስበርረው ካሪቢያን ባሕር ላይ በሴንት ማርተን ደሴት አካባቢ ብቻ ነበር። አሶሳን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ማሽናችሁን መፈተኛ ነው። ሙሉው ጌም ወደ 14 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ዲሞው ከተንተባተበ ሙሉውም ይንተባተባል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ መስፈርት ግን ብዙም አትመኑት። ለዚያ ጌም የተጻፈው 1 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ራም ነበር። በዚህ ይከፈታል፤ ይበራል ማለት ግን አይደለም። ከጀርባው አንድ ታሪክ አለ። የዚያን ዘመን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ፕሮሰሰር በየዓመቱ እየፈጠነ እንደሚሄድ ገምተው ነበር የሚጽፉት። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ቺፑ ከመጠን በላይ ስለጋለ አምራቾቹ ፍጥነቱን መጨመር ትተው ኮሩን ማብዛት ያዙ። ጌሙ አንዱን ኮር እያደከመ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ሰርቪስ ፓክ ሥራውን ለሌሎቹ ኮሮች ማከፋፈል ጀመረ። ስለዚህ የቆየ ጌም ስትጭኑ ማስተካከያውንም አብራችሁ ጫኑ።

አሶሳን ለማግኘት የሚሻለው ፍላይትጊር ነው። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነጻ ሲሙሌተር ስለሆነ ዲሞም ክራክም አያስፈልገውም። (በፍላሽ የሚዞር ክራክ ብዙ ጊዜ ከጌሙ ጋር ቫይረስ ይዞ ነው የሚገባው። ነጻ የሆነውን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ።) ከማውረዳችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ። ስታርት ውስጥ ገብታችሁ «ረን» ላይ ዲኤክስዲያግ ብላችሁ ጻፉ፤ የራሙን መጠን፣ የዊንዶውሱን ዓይነትና የግራፊክሱን ስም ይነግራችኋል። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም ብትጨምሩለትም አይጠቀምበትም፤ በ32 ቢት መጻፍ የሚቻለው የአድራሻ ብዛት እዚያ ላይ ያልቃል። እንዲህ ላለው ማሽን የፍላይትጊርን የቆየ እትም ፈልጉ። የግራፊክሱን ድራይቨርም ከአምራቹ ድረ ገጽ አድሱ፤ ፍላይትጊር ሥዕሉን የሚሥለው በኦፕን ጂኤል ነው፣ ጥቁር ስክሪን ከመጣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ነው።

አሁን ወደ መልክዓ ምድሩ። ፕሮግራሙ ዓለምን በ10 ዲግሪ በ10 ዲግሪ ቆራርጦ ነው የሚያቀርበው። ደብረ ዘይት ከምድር ወገብ እስከ 10ኛው ዲግሪ ሰሜን ባለው ቁራጭ ውስጥ ናት። የአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 10 ዲግሪ ከ1 ደቂቃ ላይ ነው! ለጥቂት ኪሎ ሜትር ከመስመሩ በላይ ወድቋል። የደቡቡን ቁራጭ ብቻ ያወረደ ሰው ሁለት ሰዓት በርሮ፣ ልክ ሊያርፍ ሲል፣ ከፊቱ ባሕር ተዘርግቶ ያገኛል፤ ፍላይትጊር መረጃ ያጣበትን ቦታ ሁሉ ውኃ ያደርገዋልና። ሁለቱንም ቁራጮች አውርዱ። እየበረራችሁ በራሱ የሚያወርድ አማራጭም አለ፤ ኔትወርኩ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ቀድሞ አውርዶ ማስቀመጡ ይሻላል።

ከተጫነ በኋላ ማሽኑ የሚደክመው የት ነው? ብዙ ሰው የበረራው ሒሳብ ይመስለዋል። አይደለም። ክንፉ ላይ የሚያርፈው አየር፣ የሞተሩ ጉልበት፣ ክብደቱ በሰከንድ 120 ጊዜ ይሰላል፤ ይህ ለአሮጌ ፕሮሰሰርም ቀላል ነው። የሚከብደው ሥዕሉ ነው። በሰከንድ 30 ሥዕል ለማየት ለእያንዳንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የምትቀንሱት የእይታ ርቀቱን ይሁን። የሚሣለው መሬት ከርቀቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ ከ40 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ስታወርዱት ሥራው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ቀጥሎ ደመናውን፣ ዛፉን፣ ጥላውን አጥፉ። የስክሪኑንም ጥራት ቀንሱ።

ሥዕሉ ሳይሆን ሁሉ ነገር በየደቂቃው ለሰከንዶች ቀጥ የሚል ከሆነ ችግሩ ራም ነው። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ትርፉን ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ራም ግን ከአንድ መቶ ሺኛው ጊዜ ይበቃዋል። ብራውዘሩን ዝጉ። ገንዘብ ካላችሁ ራም መጨመር ከየትኛውም ነገር በላይ ለውጥ ያመጣል። በነገራችን ላይ፣ እንደ አሶሳ ባለ ሞቃት ቦታ የፋኑን አቧራ ማራገፍ ራሱ ጥገና ነው፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ማሽኑ ከተስተካከለ ፊዚክሱ ይጀምራል። ደብረ ዘይት ወደ 1,900 ሜትር፣ አሶሳ ወደ 1,560 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። «አሶሳ ዝቅ ስለሚል አየሩ ወፍራም ነው» ትሉ ይሆናል። እናስላው። ደብረ ዘይት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአየሩ እፍጋት በመደበኛው የባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ነው። አሶሳ ሙቀቱ 35 ሲደርስ ደግሞ 77.5 በመቶ። ሙቀቱ የከፍታውን ልዩነት በላው ማለት ነው! ስለዚህ ከሁለቱም ቦታ ስትነሱ መንደርደሪያው ከባሕር ጠረፍ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይረዝማል። ሴስናው አልነሳ ካላችሁ ኮምፒውተሩን አትስደቡ፤ ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ በሚክስቸር ቀንሱለት፣ በሳሳ አየር ሙሉ ነዳጅ ሞተሩን ያንቀዋል። ፍላይትጊር ይህንንም ያሰላዋል። ቶሎ ከፍታ ያዙ፤ ትንሽ እንደሄዳችሁ በስተቀኝ ከ3,300 ሜትር በላይ የሆነው ወጨጫ ይመጣል።

ሲሙሌተር ግን የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ከአሶሳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ጉባ ብትበርሩ በቆዩት መልክዓ ምድሮች ላይ የህዳሴ ግድብን አታገኙም። የተራሮቹ ከፍታ በአብዛኛው የተወሰደው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በረራዋ በራዳር ከለካችው ነው። የግድቡ መሠረት የተጣለው መጋቢት 2003፣ ውኃ መያዝ የጀመረው በ2012 ክረምት ነው። ስለዚህ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገና ሸለቆ ነው። ለጂኦግራፊ መምህር ይህ ጉድለት ሳይሆን ሀብት ነው፤ ተማሪዎቹን ውኃ የዋጠውን የዓባይ ሸለቆ እያዞረ ማሳየት ይችላል።

ሁሌ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ 157 ሰዎች ሞተዋል። ከሁለት ወር በኋላ ቦይንግ የ737 ማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማስመሰል አይችልም ነበር ሲል አምኖ ማስተካከሉን ተናገረ። እነዚህ አብራሪዎች የሚሠለጥኑባቸው፣ ሚሊዮኖች የሚፈስባቸው ማሽኖች ናቸው። የእናንተ ሴስናም የማታውቀው ብዙ ነገር አለ፤ ከሲሙሌተር የተማራችሁትን «እንዲህ ይሆናል» ብላችሁ ከመናገራችሁ በፊት ሞዴሉ ያንን ነገር ያሰላው እንደሆነ ጠይቁ።

አሶሳ ስትቃረቡ በሰከንድ የሚሣለው ሥዕል ከ20 እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። በ8 ሥዕል የምታዩት ነገር ቢያንስ ስምንት አንድ ሰከንድ የዘገየ ነው፤ እጃችሁ ያለፈውን ያርማል፣ አውሮፕላኑ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ያኔ እይታውን 10 ኪሎ ሜትር አድርጉት፣ ለማረፍ ይበቃል። ፍጥነት መለኪያው የሚያነበው ቁጥር ባሕር ጠረፍ ላይ ከለመዳችሁት ጋር አንድ ነው፤ ከሥር የሚሮጠው መሬት ግን በ14 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ፍሬን ቀድማችሁ አትያዙ፣ ጎማው መሬት ይንካ።