አልጠግግ ያለ ቁስልና ስቴም ሴል

ስኳር ያለበት ሰው ውስጥ እግሩን ምስማር ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። ሐኪሙ ይህን የሚፈትሸው 10 ግራም ሲጫነው በሚጎብጥ የናይለን ክር ነው። ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል፤ ክሩ ጣቱንና ውስጥ እግሩን ሲነካው «ነካኝ» ካላለ ነርቩ ደንዝዟል ማለት ነው። እንዲህ ባለ እግር ላይ የወጣ ቁስል ነው አልጠግግ ብሎ የሚከርመው፤ ሲብስም እግር እስከ ማስቆረጥ የሚያደርሰው።

ጤነኛ ሰው ሲቆስል መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ማክሮፌጅ የሚባሉት ሕዋሳት መጥተው ጀርሙንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ፤ ከዚያ ጠባያቸውን ለውጠው አዲስ ሥጋና አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ይረዳሉ። ስኳር ባለበት ሰው ቁስል ላይ ግን ብዙዎቹ ከጽዳቱ አይወጡም፤ ቁስሉ እንደቀላ፣ እንዳዠ ወራት ይቆያል።

ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከአጥንት መቅኔ፣ ከሰውነት ስብ ወይም ከእትብት የሚገኙት እነዚህ ሕዋሳት ቁስል ላይ ሲደረጉ ራሳቸው ቆዳ የሚሆኑ ይመስል ነበር። አብዛኞቹ ግን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። በዚያ አጭር ዕድሜያቸው የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝዙ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ፤ ማክሮፌጆቹንም ከጽዳት ወደ ግንባታ ያዞራሉ። ጡብ ደርዳሪ ሳይሆኑ ፎርማን ናቸው ማለት ይቻላል።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከሌላ ሰው ስብ የተገኙ ሕዋሳትን በስስ የጄል ሉህ ላይ አሳድገው ቁስሉ ላይ የሚለጥፉት ሕክምና ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት፣ በ12ኛው ሳምንት ሉህ ከተለጠፈላቸው 82 በመቶው ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ካልተለጠፈላቸው የገጠመው የ53 በመቶው ነው። ደስ ይላል፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን ትንሽ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጁቬንታስ የተባለው የሆላንድ ጥናት ነው። የእግር ደም ሥራቸው ክፉኛ የጠበበ 160 ሕመምተኞች ገቡበት፤ ሁሉም ስኳር ያለባቸው አልነበሩም። መቅኔ ከሁሉም ተቀዳ። አንዱ ወገን ከራሱ መቅኔ የተለዩ ሕዋሳትን በታፋው ደም ወሳጅ ሥር ተወጋ፤ ሌላው መልኩ የሚመሳሰል፣ እነዚያ ሕዋሳት የሌሉበት ፈሳሽ። ማን ምን እንደተወጋ ሐኪሙም ሕመምተኛውም አያውቁም። በስድስት ወር ውስጥ ከባድ የእግር ቆረጣ የደረሰባቸው ከሕዋስ ወገን 19 በመቶ፣ ከሌላው 13 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ሚዛን የሚደፋ ባይሆንም ሕዋሳቱ እግር አላዳኑም። የሚገርመው፣ ሕመም የቀለለውና ኑሮ የተሻሻለው በሁለቱም ወገን ነበር። ማነጻጸሪያ ባይኖር ምስጋናውን ሁሉ ስቴም ሴል ይወስደው ነበር።

ከስቴም ሴሉ በፊት የሚሠራ ሥራም አለ፦ የሞተውን ሥጋ በምላጭ መጥረግ፣ ኢንፌክሽኑን ማከም፣ የጠበበውን ደም ሥር መክፈት፣ ከሁሉም በላይ ቁስሉ ላይ አለመቆም። ሕንድ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያከም የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የደነዘዘ እግር የሚቆስለው ሥጋው ስለከፋ ሳይሆን አንድ ቦታ ደጋግሞ ስለሚረገጥ መሆኑን አሳይቶ ነበር። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለስኳር ሕመምተኞችም የሠራው ይኸው ትምህርት ነው፤ ክብደቱን ከቁስሉ ላይ የሚያነሳ ጀሶ ዛሬም ቀዳሚ ሕክምና ነው። ስቴም ሴል ተወግቶ በዚያው እግር ታክሲ ተራ ድረስ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ይከስራል።

ገንዘቡን የሚቀበሉ ክሊኒኮች በየአገሩ ሞልተዋል። «ስቴም ሴል እንወጋለን» ለሚል፣ ሕዋሱ ከየት እንደመጣ፣ ሕክምናው በተመዘገበ ሙከራ ውስጥ መሆኑንና ወጪውን ማን እንደሚችል መጠየቅ ተገቢ ነው።